ግራሶ የሚጠጣው ክሮቼራ፦ በአሮጌ ላንድክሩዘር ሆድ ስር ያለው ድምፅና የጎንደር መንገድ

ከፒያሳ ወደ አዘዞ ቀስ ብሎ የሚወርድ አሮጌ ላንድክሩዘር ከሆዱ ስር «ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ» ካለ፣ መንገደኛው ሁሉ ዘወር ብሎ የሚያየው ጎማውን ነው። ድምፁ ግን ብዙ ጊዜ የጎማ አይደለም። ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ተነስቶ ኃይሉን ለጎማዎቹ እስከሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ከሚዘረጋው ዘንግ ነው የሚመጣው፤ ካርዳን ከምንለው፣ አንዳንዱ ጋራዥ ደግሞ ትራስሚሽን ከሚለው። በዘንጉ በሁለቱ ጫፍ መስቀል የመሰለ መገጣጠሚያ አለ፤ ክሮቼራ። እዚህ የሚገመገመው ዕቃ እሱ ነው፦ ኒፕል (የግራሶ ማስገቢያ ትንሽ አፍ) ያለው፣ በፓምፕ ግራሶ (ወፍራም ቅባት) የሚጠጣ ክሮቼራ፣ ለ70 ሲሪስ ላንድክሩዘር። አብዛኛው ነገር ለአሮጌ ሃይሉክስም ይሠራል።

ፍርዱን አስቀድመን እንበል። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ከ5 ለ4 ተኩል አያንስም። «ገዝቼ አስገጠምኩ፣ በሦስት ወሩ ተመልሶ ጮኸ» የሚለው የተለመደ ቅሬታ ሲመረመር፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ሆኖ ይገኛል፦ ወይ ከመጀመሪያውም ድምፁ የክሮቼራ አልነበረም፣ ወይ ክሮቼራው የገባው በመዶሻ ነው።

ሳጥኑ ሲከፈት አንድ መስቀል፣ አራት ቆቦች፣ በየቆቡ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ ቀጫጭን መርፌዎች፣ መያዣ ቀለበቶችና አንድ ኒፕል ይገኛሉ። ለኋላው ዘንግ ሁለት፣ ለፊተኛው ሁለት፣ በድምሩ ለአንድ መኪና አራት ሳጥን ማለት ነው። ኋለኛው ቀን ከሌት ስለሚሠራ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። የፊተኛው ግን ፍሪዊሉ (የፊት ጎማዎችን ከአክስሉ የሚያላቅቀው ማያያዣ) ሲከፈት ቆሞ ስለሚውል ዕድሜው ይረዝማል፤ ባለቤቱም ስለሚረሳው ደርቆ ይቆያል።

ወደ ድምፁ እንመለስ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ጎረምሳው መካኒክ ጆሮውን ሳይሰጥ «ጋሼ፣ ዲፈረንሻሉ ነው» ካለ፣ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት አንድ ቆጠራ አስቆጥሩት። በ70 ሲሪስ ላይ የተለመደው 7.50 በ16 ጎማ አንዴ ሲዞር ወደ 2.5 ሜትር ይጓዛል። የዲፈረንሻሉ ጥርስ 4.1 ከሆነ፣ ጎማው አንዴ ሲዞር ካርዳኑ አራት ጊዜ ከምናምን ይዞራል። በሰው እርምጃ፣ ማለትም በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ ጎማው አንድ ዙር ለመጨረስ ወደ ሁለት ሰከንድ ይፈጅበታል። ካርዳኑ ደግሞ በአንድ ሰከንድ ከሁለት ጊዜ በላይ ይዞራል። ስለዚህ አንድ ሰው ከመኪናው ጎን እየተራመደ ይቁጠር። «ሲጥ» የሚለው በሁለት ሰከንድ አንዴ ከሆነ ነገሩ የጎማ፣ የፍሬን ወይም የቸርኬ ነው። በሰከንድ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ ከካርዳኑ ጋር አብሮ የሚዞር ነገር ነው። ለዚህ ማሽን አያስፈልግም፤ ጎማው ላይ በኖራ አንድ ምልክት ማድረግና ሰዓት ማየት ይበቃል።

መስኮት ከፍቶ በድንጋይ አጥር ጥግ መንዳትም ይረዳል። ጎንደር ውስጥ የግንብ አጥር ፍለጋ መቼም ማንም አይቸገርም። ከሆዱ ስር የወጣው ድምፅ ግድግዳው ላይ ተመቶ በመስኮት ይመለሳል፤ ሜዳ ላይ የማይሰማው እዚያ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሌላም ምልክት አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። መኪናው ታጥቦ ወይም ወንዝ ተሻግሮ ሲመጣ ጩኸቱ ይጠፋል። «ተሻለው» ይባላል። አልተሻለውም። ደርቆ የነበረው መርፌ ውኃ አግኝቶ ለአንድ ቀን ለስልሶ ነው። ውኃው ሲደርቅ ዝገት ይተካል፤ ከሳምንት በኋላ ድምፁ ብሶ ይመለሳል። ከመኪናው ስር ገብታችሁ ቆቦቹ ዙሪያ ቀይ፣ በርበሬ የመሰለ ደቃቅ ዱቄት ካያችሁ ውስጡ ግራሶ የለም። ያ ክሮቼራ ከዚያ ወዲያ ግራሶ ቢጠጣም አይድንም፤ የመስቀሉ ክንድ ላይ መርፌዎቹ በቁመታቸው ልክ ቦይ ቆፍረውበታል። ግራሶው ድምፁን ያፍነዋል እንጂ ቦዩን አይሞላውም።

ሁለተኛው ድምፅ «ኳ» ነው። ከኋላ ማርሽ ወደ አንደኛ ሲቀየር፣ ወይም ፍሪሲዮን ሲለቀቅ አንዴ ብቻ «ኳ» ይልና ዝም። ይህን ብዙ ነገር ያመጣዋል፦ ያለቀ ክሮቼራ፣ የተበላ የካርዳን ተንሸራታች ጥርስ (ካርዳኑ እንዲረዝምና እንዲያጥር የሚያስችለው)፣ የዲፈረንሻል ጥርስ ክፍተት፣ የላላ የባሌስትራ ማሰሪያ ቡሎን፣ የተቀደደ የካምቢዮ ጎሚኒ። ስለዚህ «ኳ» ሰምቶ ክሮቼራ መግዛት ቁማር ነው። በእጅ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ ነገር። ካርዳኑን ለመወዝወዝ ማርሹ ኒውትራል ላይ መሆን አለበት፤ ካርዳኑ ሲፈታ ደግሞ ማርሽ ጨርሶ መኪናውን አይዝም። አንደኛ ማርሽ ከትቶ «ቆሟል» ብሎ ስር መግባት፣ ከዚያ የኋላውን ካርዳን መፍታት፣ እንደ ጎንደር ባለ ዳገታም ከተማ ሰው የሚገድል ስህተት ነው። የድሮው 40 ሲሪስና አሮጌው ላንድሮቨር ይብሳሉ፤ የእጅ ፍሬናቸው የተሠራው ከካምቢዮው ኋላ፣ ካርዳኑ ራሱ ላይ ነው። ካርዳኑ ሲፈታ የእጅ ፍሬኑም አብሮ ተፈታ ማለት ነው። ሜዳ ቦታ ፈልጉ። ሁለት ጎማ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ይታገድ። መኪናው ከተነሳም በክሪክ ላይ ብቻ አይቁም፤ የብረት መቆሚያ ይግባለት።

አሁን ካርዳኑን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ወዝውዙ፤ ዓይናችሁ ግን እጃችሁ ላይ ሳይሆን ክሮቼራው ላይ ይሁን። መስቀሉን ከሁለት ወገን ከያዙት ሹካዎች አንደኛው ሲንቀሳቀስ ሌላው ለቅጽበት ቆሞ ከዘገየ፣ በመሀል ያለው መስቀል አልቋል። ጤናማ ክሮቼራ ላይ በዓይን የሚታይ ክፍተት የለም፤ «ትንሽ ብቻ ነው» የሚባል ነገርም የለም። ሁለቱ ሹካዎች አብረው ከተንቀሳቀሱና ክፍተቱ የሚታየው ዲፈረንሻሉ ፍላንጅ (ካርዳኑ በቡሎን የሚታሰርበት ክብ ሰሌዳ) ላይ ከሆነ ነገሩ የዲፈረንሻል ነው። እዚያ ላይ ጥቂት መላወስ የተፈጥሮው ነው፤ ጥርስ ያለ ክፍተት አይሠራም። ቀጥሎ ትልቅ ካቻቢቴ በሹካውና በፍላንጁ መካከል አስገብታችሁ ወደ ላይ ፈልቅቁ፤ ቆቡ በሹካው ቀዳዳ ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ያለቀው ክሮቼራው ብቻ ሳይሆን ሹካውም ነው። ይህ መጥፎ ዜና ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን። በመጨረሻ ፍላንጁን ራሱን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። የዲፈረንሻሉ ፍላንጅ ከተወዛወዘ የፒኞኑ (ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ባለ ጥርስ ዘንግ) ኩሽኔታ ወይም ዳዶው ላልቷል፤ ክሮቼራ መግዛቱን ተዉት፣ መኪናውንም አትንዱት።

ሦስተኛው ምልክት ድምፅ ሳይሆን መንቀጥቀጥ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ካርዳኑ በደቂቃ ከ1,600 ዙር በላይ ይዞራል። በዚህ ፍጥነት ትንሽ ክብደት ወደ አንድ ወገን ካዘነበለች ወለሉ በሙሉ ይርገበገባል። መለያው ቀላል ነው፦ ፍጥነቱ ላይ ደርሳችሁ ማርሹን ለአፍታ ኒውትራል አድርጉ፤ ይህም ሜዳ መንገድ ላይ እንጂ ቁልቁለት ላይ አይሞከርም። ሞተሩ ወደ ዝቅተኛ ዙር ወርዶ መንቀጥቀጡ ካልቀረ፣ ነገሩ ከፍጥነት ጋር የሚሄድ የካርዳን ወይም የጎማ ጉዳይ ነው። ነዳጅ ሲሰጥ መጥቶ ሲለቀቅ የሚጠፋ «እዝዝ» ግን ከጥርስና ከካርዳን ማእዘን ጋር ይያያዛል። ወጥ ሆኖ የሚያጓራ ድምፅ ደግሞ ካርዳናቸው ሁለት ቁራጭ በሆነ ረጅም መኪኖች ላይ ከመሀል ኩሽኔታው ይመጣል፤ የኩሽኔታው ጎሚኒ ሲቀደድም መኪናው በተነሳ ቁጥር ወለሉን ከስር «ድም» ያደርገዋል። ጎማ ሲጠመዘዝ ብቻ የሚሰማው «ቀጭ ቀጭ» የካርዳን አይደለም። እሱ የፊት አክስል ውስጥ ያለው መገጣጠሚያ ነው፤ ፍሪዊሉ ተከፍቶ ሲጠፋ ይረጋገጣል።

እንግዲህ ያለቀው ክሮቼራ መሆኑ ታወቀ እንበል። ምን ይገዛ?

ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት ምርጫ አለ። አንደኛው ኒፕል ያለው፣ ሁለተኛው ዝግ ሆኖ ከፋብሪካ ግራሶው ውስጡ የታሸገበት፣ ሦስተኛው ያገለገለ ሙሉ ካርዳን። ዝጉን የሚያወድሱ ሰዎች ነጥባቸው እውነት ነው፦ መስቀሉ መሀሉ ለግራሶ ስላልተቦረቦረ ጠንካራ ነው፣ የቆቡ ማሸጊያ ጎሚኒም ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። አስፋልት ላይ ብቻ ለሚውል መኪና አንከራከርም። ጎንደርን መነሻ አድርጎ ደባርቅ ገብቶ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ ኮረኮንች ለሚወጣ መኪና፣ ወይም በክረምት ወደ መተማ ቆላ ወርዶ ጭቃ ውስጥ ለሚዋኝ ግን ዝጉ አይመከርም። ውኃ አንዴ ከገባ የሚያስወጣው የለም። ኒፕል ያለው ላይ ግን አዲሱ ግራሶ አሮጌውን፣ ውኃውንና አቧራውን እየገፋ በጎሚኒው በኩል ያወጣዋል። የዕቃው ዋና ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ ማለስለስ ብቻ ሳይሆን ማጠብ።

ያገለገለ ሙሉ ካርዳን መግዛት የሚያዋጣው ቱቦው ከተጠመዘዘ ወይም ሹካው ከተበላ ብቻ ነው። ርዝመቱ፣ የፍላንጁ የቡሎን ቀዳዳ ርቀትና ተንሸራታች ጥርሱ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ተለክቶ ካልሆነ አይገዛም።

ሱቅ ስትሄዱ የመኪናውን ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። አንድ ዓይነት ስም ያለው ላንድክሩዘር ዓመቱና ሞዴሉ ሲለያይ ክሮቼራውም ይለያያል። አሮጌውን ፈትታችሁ ውሰዱ፤ በካሊፐር ሁለት ልክ ይወሰድ፦ የቆቡ ውፍረትና ከቆብ ጫፍ እስከ ተቃራኒው ቆብ ጫፍ ያለው ርዝመት። ግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት «ይሄዳል» አይባልም። ከዚያ ቆቡን አውልቁና ውስጡን እዩ። መርፌዎቹ አራቱም ቆብ ውስጥ እኩል ቁጥር ናቸው? የመስቀሉ ክንድ እንደ መስታወት ያበራል ወይስ የቶርኖ መስመር ይታይበታል? ጎሚኒው በጥፍር ሲጫን ተመልሶ ይነሳል? የመጨረሻውን ፈተና ሻጩ ላይወደው ይችላል፤ ቢሆንም አድርጉት፦ በኒፕሉ ቀዳዳ በኩል ንፉና አየሩ በአራቱም ክንድ ጫፍ መውጣቱን በጣት አረጋግጡ። ርካሹ ዕቃ ላይ አንዱ መንገድ በብረት ብናኝ ተደፍኖ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ክሮቼራ ሦስት ክንዱ ሲጠጣ አራተኛው ይጠማል፤ የሚጮኸውም በዚያ ነው።

በምርት ስም ከሆነ ኦርጅናል የቶዮታ ሳጥን ወይም የጃፓኑ ጂኤምቢ ይመረጣል። ግን ካርቶን ማተም ቀላል ስለሆነ ሳጥኑን ሳይሆን ዕቃውን እመኑ።

ስለ ገጠማው ረዘም አድርገን እንጽፋለን፤ ዕቃው የሚሞተው እዚህ ነውና።

ካርዳኑ ከመፈታቱ በፊት በሁለቱም ፍላንጆች ላይና ተንሸራታቹ ጥርስ በሚገባበት ቦታ ላይ በቀለም ወይም በፖንቾ ምልክት ይደረጋል። ይህ ጌጥ አይደለም። ክሮቼራ በማእዘን ሲሠራ ከኋላው ያለው ዘንግ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በሌላው ጫፍ ያለው ክሮቼራ ይህን መልሶ የሚያስተካክለው፣ ካርዳኑ ላይ ያሉት ሁለቱ ሹካዎች በአንድ መስመር ከቆሙ ብቻ ነው። ተንሸራታቹ አንድ ጥርስ እንኳ ተዛብቶ ከገባ ሁለቱ ስህተቶች ሙሉ በሙሉ አይጠፋፉም። ውጤቱ አዲስ ክሮቼራ ያለው፣ ከበፊቱ የባሰ የሚንቀጠቀጥ መኪና ነው። «አዲሱ ዕቃ ነው ያበላሸው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የፍላንጁ ቡሎኖች አብዛኛውን ጊዜ በ14 ቁልፍ ይፈታሉ፤ በየጫፉ አራት። ዘንጉ ወርዶ ሞርሳ ላይ ሲታሰር የሚያዘው ሹካው ነው፤ ቱቦው ቀጭን ቆርቆሮ ስለሆነ በሞርሳ ጥርስ ከተጨመቀ ክቡ ይጠፋል። መያዣ ቀለበቶቹ ከመውጣታቸው በፊት ዙሪያቸው ያለው ዝገት ተፍቆ ዘይት ይጠጣ። ከዚያ ሁለት ቡሶላ (ክብ የቡሎን መፍቻ) ይዘጋጅ፦ አንዱ ከቆቡ ትንሽ የጠበበ፣ ሌላው ቆቡ በውስጡ የሚገባበት ሰፊ። ጠባቡ በአንድ ወገን፣ ሰፊው በተቃራኒው ሆኖ በሞርሳው ሲጨመቅ አንዱ ቆብ ወደ ሰፊው ቡሶላ ይወጣል። መገልበጥና መድገም ነው። መዶሻ የሚያስፈልገው ጨርሶ የተጣበቀን ለማነቃነቅ ብቻ ነው፤ እሱም ሹካው በደንብ ተደግፎ። ሹካውን አየር ላይ አንጠልጥሎ መምታት ጆሮውን ያጠፈዋል፣ የታጠፈ ጆሮ ደግሞ አዲሱን ቆብ አጣሞ ይይዘዋል።

ባዶውን ቀዳዳ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አጥሩት፤ ማጽዳት እንጂ ማስፋት አይደለም። የቀለበቱ ቦይ ውስጥ ያለው ዝገትም በሹል ነገር ተጭሮ ይውጣ።

አሁን አዲሱ ይገባል። መስቀሉ ሹካው ውስጥ ይቀመጥ፤ ኒፕሉ ወደየት እንደዞረ አሁን ይታይ። ከተገጠመ በኋላ የግራሶ ፓምፕ አፍ የማይደርስበት ቦታ ዞሮ የገባ ኒፕል፣ እንደሌለ ነው። ቆቡ በእጅ ሲገባ መስቀሉ ከወዲያ ወገን ወደ ቆቡ ይገፋ፤ ክንዱ መርፌዎቹ መሀል ገብቶ እንዲይዛቸው። ምክንያቱም በዚህ ሥራ ውስጥ በብዛት የሚመጣው ስህተት አንድ መርፌ መውደቅ ነው። መርፌዋ ተዳፍታ ቆቡ ወለል ላይ ትጋደማለች። ያኔ ቆቡ ይገባና ሁለት ሚሊሜትር ሲቀረው ይቆማል፤ ቀለበቱ ቦዩ ውስጥ አይገባም። ልምድ የሌለው ሰው በዚህ ጊዜ መዶሻውን ያነሳል። ምልክቱን ዕወቁት፦ ቀለበት እንቢ ካለ ቆሙ፣ ቆቡን አውጡ፣ መርፌዎቹን ቁጠሩ።

ቀለበቶቹ በተለያየ ውፍረት የሚሠሩት በምክንያት ነው። በቶዮታ መመሪያ መሠረት መስቀሉ ወደ ጎን የሚላወሰው ከ0.05 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም፤ በእጅ የማይሰማ ያህል ማለት ነው። በሁለቱም ወገን እኩል ውፍረት ያለው ቀለበት ይግባ፤ አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን ከሆነ ካርዳኑ ከመሀሉ ወጥቶ ይዞራል። ሁሉም ከገባ በኋላ ሹካው ጆሮ ላይ በፕላስቲክ መዶሻ ቀለል አድርጎ መምታት ቆቦቹን ወደ ቀለበቱ ያስጠጋል፣ ክሮቼራውም ይፈታታል። በእጅ ሲታጠፍ ወጥ የሆነ ቀላል ጥብቀት ይኑረው። የሚይዝና የሚለቅ፣ «ቀጭ» የሚል ከሆነ ዳግም ይፈታ።

ስለ ብየዳ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ ሹካው የተበላ እንደሆነ ቆቡን በብየዳ ነካ ነካ አድርጎ ማሰር የተለመደ መላ ነውና። ሙቀቱ የመርፌዎቹን ጥንካሬ ይገድላል፣ ጎሚኒውን ያቀልጣል፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ሹካውን ያስቆርጣል። ከዚያ ይልቅ ሹካው ይቀየር፤ የጎንደር ቶርኖ ቤቶች በዚህ ሥራ የሚታሙ አይደሉም፣ ነገር ግን ተቆርጦ የተበየደ ካርዳን ቀጥ ብሎ መዞሩ ተለክቶ መሰጠት አለበት። ብዙ የቶዮታ መመሪያዎች የሚፈቅዱት የቱቦ መወላገድ 0.8 ሚሊሜትር ነው። «በዓይን ቀጥ ብሏል» ልክ አይደለም።

ካርዳኑ ሲመለስ ምልክት ለምልክት ይገጥማል። ቡሎኖቹ በመስቀለኛ ተራ ይጠበቁ፤ ለብዙ ላንድክሩዘሮች ከ70 እስከ 90 ኒውተን ሜትር መካከል ነው፣ ትክክለኛው ቁጥር በየሞዴሉ መመሪያ ይገኛል። የላላ የፍላንጅ ቡሎን ከሁሉ የከፋ ነው። ካርዳኑ በፊት ጫፉ ተፈትቶ ቢወድቅ መሬት ላይ ተተክሎ መኪናውን ከኋላው ሊያነሳው ይችላል። ሊማሊሞ ላይ ይህ እንዲሆን ማንም አይመኝም።

ግራሶው ሊትየም፣ ቁጥር 2፣ ከባድ ጫና የሚችል ይሁን። ክሮቼራው ላይ በአራቱም ቆቦች ጎሚኒ በኩል አዲስ ግራሶ ብቅ እስኪል ይገፋል። ሦስቱ ወጥተው አንዱ እንቢ ካለ ካርዳኑን ዞር አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ጫና የበዛበት ክንድ አቅጣጫው ሲቀየር ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ተንሸራታቹ ጥርስ ላይ ያለው ኒፕል ግን ሌላ ሕግ አለው፦ ሁለት ሦስት ምት፣ በቃ። እዚያ ቤቱን ሞልቶ የሚገፋ ሰው፣ ባሌስትራው ሲጨመቅ ካርዳኑ የሚያጥርበትን ቦታ አሳጣው ማለት ነው። ግራሶ አይጨመቅም፤ ግፊቱ በቀጥታ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ወደሚያካፍለው ትራንስፈርና ወደ ዲፈረንሻሉ ኩሽኔታ ይሄዳል። ለዚህ መንገድ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ጥልቅ ውኃ ከተሻገሩ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ግራሶ ይሰጠው።

ይህ ዕቃ የማይፈታውን ችግር ሳንነግራችሁ ብንቀር ግምገማው ጎደሎ ይሆናል። ለጭነት ተብሎ ተጨማሪ ባሌስትራ የተደረበበት መኪና ኋላው ተነስቷል፤ የዲፈረንሻሉ ፍላንጅ ማእዘን ተቀይሯል። የኋላው ካርዳን ሁለት ክሮቼራዎች ማእዘን ከአንድ ዲግሪ በላይ ሲለያይ፣ ባዶውን ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ሲጫን ይሻለዋል። እዚህ ላይ ሦስት ክሮቼራ ቢቀየር ለውጥ የለም። በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የሽብልቅ ብረት ገብቶ ማእዘኑ ይስተካከላል።

ሚዛኑ ለጠፋ ካርዳን ደግሞ በቤት የሚሠራ ብልሃት አለ። በዲፈረንሻሉ በኩል ባለው የቱቦው ጫፍ ሁለት ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ጭንቅላታቸውን በአንድ ወገን አድርጋችሁ እሰሩ፤ ነድታችሁ ሞክሩ። ከዚያ ሩብ ዙር አዙሩና ድገሙ። ከአራቱ ቦታ መንቀጥቀጡ የቀነሰበትን ያዙ፤ ከዚያ ሁለቱን ጭንቅላት ግራና ቀኝ በጥቂቱ እያራራቃችሁ ጥሩውን ፈልጉ። ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ ከሚመዝን ማሽን አይተካከልም፣ ግን ይሠራል። ከዚያ በፊት ግን ቱቦው ላይ የደረቀ ጭቃ ካለ ፍቁ። ክረምት ላይ ወደ ዳባት ወጥቶ የተመለሰ መኪና የሚንቀጠቀጠው በዚያ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ግማሹ ነጥብ የተቀነሰው ለኒፕሉ ነው። ትንሽ ናት፣ ኮረኮንች ላይ በድንጋይ ተመትታ ትሰበራለች፤ ቀዳዳዋም በጭቃ ይደፈናል። ከመግፋታችሁ በፊት በጨርቅ ጥረጓት፤ ጭቃውን ከግራሶው ጋር ወደ መርፌዎቹ እንዳትልኩት። አንድ ሁለት ትርፍ ኒፕል መሳቢያ ውስጥ ይኑር፤ ሲገዙ ጥርሱ ተመሳሳይ መሆኑን በእጅ አስገብቶ ማየት ነው።

ከተገጠመ በኋላ ጎንደር ደባርቅ ደርሶ መልስ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለመፈተሻ ጥሩ መንገድ ነው፤ ዳገቱም ቁልቁለቱም ሜዳውም አለበት። ሲመለስ ሳይውል ሳያድር ስምንቱም ቡሎን በቁልፍ ይነካ፤ ቆቦቹም በእጅ ይዳሰሱ። ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ያ ቆብ ወይ ጠብቋል ወይ ግራሶ አልደረሰውም።